በድንጋዩ ላይ ያለው ዱካ

ፈጣሪ ይቅር ይበለውና፣ ሚስቱን አልማዝን ሰላም ያላት ሰው ሁሉ ሣህሉን ሲያንገበግበው ሃያ ዓመት ሆነ። ሚሌኒየሙ ባለፈ በዓመቱ፣ ድንጋይ ፈላጩ ቲጃኒ ለግቢያቸው ንጣፍ ሰቃ ከሚባለው ካባ ያመጣውን ድንጋይ በሽብልቅ ሲሰነጥቀው እንደ መጽሐፍ ተገለጠ።

“የሞገዱን መስመር አዩልኝ ጋሼ? ይሄ ድንጋይ፣ ሰው ሳይፈጠር በፊት የባሕር ዳር ጭቃ ነበር።”

በመስመሮቹ መካከል ግን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የሄዱበት ዱካ ነበረ። የአንደኛው ሰው እግር ትንሿ ጣት የለችውም፤ ልክ እንደ አልማዝ እግር።

አልማዝ ጫማዋን አውልቃ ረገጠችው። ልክክ አለ።

“ሱብሃነላህ!” አለ ቲጃኒ።

ሣህሉ ተጣድፎ ሁለተኛውን ረገጠ። ዱካው ከእግሩ በአራት ጣት ያህል ሰፋበት።

“ማነው?” አላት።

አልማዝ እግሯን ሳታነሳ፣ “ካንተ በፊት ነው” አለችው።