የጎረቤት ዋስትና

«ዋስህስ የታለ?» አለ ሳጅኑ፣ የመሣሪያ ፈቃድ ማመልከቻውን በእጁ እንደያዘ። ገበሬው ወደ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ አሻግሮ አየ። ዋስ እሆንሃለሁ ያለው አጎቱ አልመጣም። ጠመንጃው ከብቶቹን ከጅብ ለመጠበቅ ነው ብሎ አመልክቷል። በልቡ ያለው ግን ጨፋ ሜዳ ላይ ያለው የእርሻ ጎረቤቱ ነበር፤ በገበሬው ተራ የመስኖውን ውሃ ከቦዩ ወደ ራሱ ማሳ እየቀለበሰ ማሽላውን ያደረቀበት።

«እኔ አለሁለት» አለ አንድ ሰው ከኋላው። ዞር ቢል ያው ጎረቤቱ ነው። ለራሱ ጉዳይ መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

«ልብ በል፣ እሱ ቢያጠፋ የምትጠየቀው አንተ ነህ» አለው ሳጅኑ።

«ያጠፋ ዕለትማ እኔን ከየት ታገኘኛለህ?» አለ ጎረቤቱ፣ ዓይኑን ከገበሬው ሳይነቅል። ሳጅኑ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጎረቤቱ «ቢስሚላህ» ብሎ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫነ። የቦዩ ጭቃ ከጥፍሩ ሥር ገና አልለቀቀም። ጣቱ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ሲል ገበሬው የእጁን አንጓ ያዘው።

«ሳጅን፣ ተወው» አለ ገበሬው ቀስ ብሎ። «ለጅቡ ውሻ ይበቃኛል።»

ከዚያ የሽርጡን ጫፍ ሰብስቦ የጎረቤቱን ጣት ይጠርግ ጀመር። ቀለሙ ቶሎ አልለቀቀም፤ ወደ እሱም ጣቶች ተጋባ።