የሦስት ሰዓቱ አውሬ እና አጠገቡ የተቀመጡት እናት

"አንተ ልጅ... ፊልሙን ነው የምታየው ስልክህን?"

ሰውየው ደንገጥ ብሎ ዞረ።

አጠገቡ የተቀመጡት አጠር ቀጠን ያሉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው።

"ሁለቱንም ነው እማማ" አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ይሄን ሰው ተከታዮቹ "ምላጭ" ነው የሚሉት። ፊልም ተቺ ነው... ያገኘውን ፊልም ይሸረካክተዋል፣ እነሱ ይስቃሉ፣ ሼር ያደርጋሉ።

የዛሬው ፊልም ደግሞ ለምላጭ የተመቸ ነው። የዛሬ አርባ ዓመት በትንሽ በጀት የተሠራ፣ ስንቱ በልጅነቱ አይቶት አልጋ ሥር የተደበቀበት የአውሬ ፊልም... አሁን በትልቅ በጀት እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ ለተጋባዦች ለመጀመሪያ ጊዜ እየታየ ነው።

ምላጭ ግን አንድ ሚስጥር አለው...

ትችቱን ጠዋት ቁርስ እየበላ ጽፎ ጨርሶታል!

ማስታወቂያውን ብቻ አይቶ። ፊልሙ ሲያልቅ በራሱ እንዲለጠፍም ሰዓት ሞልቶለታል።

ስክሪኑ ላይ ተራራ የሚያክል አውሬ ከሐይቅ ወጣ...

ድልድይ ሰበረ። ሌላ ድልድይ ሰበረ። ሄሊኮፕተሩን እንደ ዝንብ መታው። የተቀመጡበት ወንበር ሳይቀር ተንቀጠቀጠ።

"ሰባተኛ ድልድይ!" አሉ እናትየው ጆሯቸውን ይዘው። "ቆይ፣ ይቺ ከተማ ስንት ወንዝ ነው ያላት?"

ምላጭ ሳያስበው ሳቀ።

"በዛ አይደል እማማ?"

"በዛ እንጂ! ሁሉንም እየጮኹ ከነገሩህ የቱን ትሰማለህ?"

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት ሰዓት ሄደ።

ከዚያ... ድንገት ጸጥ አለ።

አውሬው ከተማው ዳር አንዲት ትንሽ ቤት አጠገብ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አስጠጋ... ውስጥ አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ ተኝታለች።

አውሬው ትንፋሹን ዋጥ አደረገ። መጋረጃው እንዳይነቃነቅ!

ከዚያ አንድ እግሩን አነሳ... ጣቶቹን ቀስ አድርጎ መሬት አስነካ... እንዳይቀሰቅሳቸው እየተጠነቀቀ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ሙዚቃ የለም። ጩኸት የለም።

ምላጭ ስልኩን ጭኑ ላይ ረሳው።

ዞር ሲል እናትየው በጫማቸው ጫፍ ወለሉን ነካ ነካ ያደርጋሉ...

ፊልሙ ቀጥሎ አርባ ደቂቃ ሙሉ አፈረሰ... አፈረሰ... አለቀ።

መብራት በራ። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጣ።

"በድሮው ፊልም የአውሬውን ቆዳ ለብሶ የተጫወተው ማን ይመስላችኋል?" አለ። "ፖስተሩ ላይ ያለው ግዙፍ ተዋናይ? አይደለም! እሱን በመጀመሪያው ቀን ሙቀት ጣለው። ቀረጻው ሊሰረዝ ሲል ቆዳውን የሰፉት ልብስ ሰፊ 'ስፌቱን የማውቀው እኔ ነኝ፣ እኔ ልግባ' አሉ። ትርፉን ቦታ በስፖንጅ ሞልተው ገቡ፤ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። ስማቸው ግን የትም አልተጻፈም።"



"እኛም የመስኮቱን ትዕይንት በኮምፒውተር ስድስት ጊዜ ሠራነው። ስድስቱንም ጊዜ አውሬው በድን ሆነብን። በመጨረሻ ፈልገን አገኘናቸው፤ ሰውነታቸው ላይ እንቅስቃሴያቸውን ለኮምፒውተሩ የሚቀርጽ መሣሪያ ለጥፈን 'እስቲ ይራመዱልን' አልናቸው። ያ እርምጃ የእሳቸው ነው!"

በእጁ ጠቆመ...

ወደ ምላጭ ጎን!

እናትየው ብድግ አሉ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ።

ወዲያው የምላጭ ስልክ ነዘረ... ትችቱ ተለጥፏል። ላይኩ ይንጋጋል።

የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦

"እዚህ አውሬ ውስጥ ሰው የለም። ያለው ኮምፒውተር ብቻ ነው።"

አጥፍቶ ሹልክ ማለት ይችል ነበር...

ጭብጨባው ሲበርድ ግን ስልኩን ለእናትየው ዘረጋላቸው።

"እማማ... ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

መነጽራቸውን አደረጉ። አንድም ሳያስቀሩ አነበቡት። ምላጭ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እሳቸው ግን ሳቃቸው መጣ!

"ድልድዩ ላይ ያልከው እውነትህን ነው። መርዘሙንም ልክ ብለሃል... ቆይ ግን፣ መቼ ጻፍከው?"

"ጠዋት..."

"ሳታየው?"

"ሳላየው።"

"እንግዲያው ልክ ያልከውም ልክ አይደለም፤ ግምትህ ገጥሞልህ ነው" አሉት ትከሻውን መታ መታ አድርገው። "አሁን አይተሃል። በል ተቀመጥና ጻፍ።"

እዚያው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ምላጭም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

"ወገኖቼ፣ የቅድሙን የጻፍኩት ፊልሙን ሳላይ ነው። ይቅርታ። አሁን አይቼዋለሁ። ይረዝማል፣ ጩኸቱም ፍርስራሹም በዝቷል። ለመስኮቱ ትዕይንት ስል ግን ትኬት ቆርጬ ድጋሚ እገባለሁ..."

"የእርስዎንም ስም ልጽፍ ነው እማማ" አላቸው።

"ጻፍ። ግን ከፊቱ 'ልብስ ሰፊዋ' በል" አሉ ኮስተር ብለው። "አውሬነቱ ትርፍ ሰዓት ነበር!"

"ምላጩ ዶለዶመ" ብለው ገጹን የለቀቁ ነበሩ። ፊልሙን አይተው እያለቀሱ የጻፉለት ግን ይበልጡ ነበር።

ወዳጆች... ጉድለትን መናገር ክፋት አይደለም። መጀመሪያ ግን እንይ። ካየንም ደስ ያለንን አንደብቅ። እያንዳንዱ ሥራ ውስጥ ያላየነው የሰው ላብ አለ።

እናንተስ በምላጭ ቦታ ብትሆኑ ስልኩን ታሳዩዋቸው ነበር... ወይስ አጥፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ትወጡ ነበር? እውነቱን ብቻ ጻፉልኝ 👇