የበጉ ጉበት

የፋሲካ ዕለት ጧት አክስቴ የትምወርቅ ለዱለት የበጉን ጉበት ስትከትፍ ቢላዋዋ ጠጣር ነገር ነካ። አውጥታ በውሃ አለቀለቀችውና መዳፌ ላይ አኖረችው።

«እስቲ እየው አሳምነው፤ አንተ አይደለህ እንዴ የሐኪም ብረት የምትሠራው!» ብላ ሳቀች።

ከገብስ ፍሬ የማይበልጥ የመቆንጠጫ ብረት መንጋጋ ነው። አወቅሁት። ውጭ አገር ሳለሁ፣ ሆድ ሳይከፈት በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ለሚያክም መሣሪያ ይህን ጫፍ የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ። በሙከራው ወቅት አራተኛው ተሰብሮ አንዲት ሴት ሆድ ውስጥ ቀረ። እኔ ግን የሙከራው ውጤት ቅጽ ላይ «ምንም አልጎደለም» ብዬ ፈረምኩ። መሣሪያው ጸደቀ፤ እኔም ተሞግሼ አገሬ ገባሁ። ጎኑ ላይ የቀረጽኩት ቁጥር አራት አሁንም ይነበባል።

«እትየ፣ በጉን ከማን ገዛሽው?»

«ምን ግዥ አለ? እዚሁ ጓሮ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው። ከመካነ ሰላም ወጥቶም አያውቅ። ምንድን ነው እሱ?»

«ሽቦ ነው። ከሣር ጋር ውጦት ይሆናል» አልኳት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለሴትዮዋ ሐኪሞች እውነቱን ለመንገር አንድ ጥሪ ይበቃኝ ነበር። አልደወልኩም።

አክስቴ ወደ ጉበቱ ተመለሰች። «ኧረ ሌላም አለ!»

ሁለተኛውን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። እኔ ሥራውን ስለቅ የተሠሩት ሠላሳ ብቻ ነበሩ። ይኼኛው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ይላል፤ ከሄድኩ በኋላም በሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ተሰብሯል ማለት ነው።

«ቆይ» አለች አክስቴ፣ ጣቶቿን ወደ ጉበቱ ሰድዳ፤ «ገና ብዙ ነው።»