ቢመጣ ኖሮ እታረቀው ነበር

ቦጋለ ድንኳኑ ደጃፍ ድረስ መጥቶ እግሩ ተሳሰረ...

ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች አዩት። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። አንዳንዱ ደግሞ «አሁን ነው የመጣው?» በሚል ዓይን ከላይ እስከ ታች ለካው።

የሞተው ኢሳይያስ ነው።

ኢሳይያስና ቦጋለ ሽሮ ሜዳ አንድ ቤት ውስጥ የሽመና እቃቸውን ጎን ለጎን ተክለው ሃያ ሁለት ዓመት ሸማ የሠሩ ሰዎች ናቸው። አባቶቻቸው ከጋሞ ደጋ አብረው መጥተው እዚሁ ጉለሌ ቀሩ። የአንዱ ልጅ ሲታመም ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሚሮጠው ሌላው ነበር።

ታዲያ ምን አጣላቸው?

እንዳትስቁብኝ... ስልክ።

ሸማ ሠሪ እጁም እግሩም ሥራ ላይ ነው፤ ጆሮው ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈት ነው። ኢሳይያስ አንዱን የፖለቲካ ዩቲዩብ ቻናል ከፍቶ ይሠራል፤ ቦጋለ የዚያን ተቃራኒ ከፍቶ ይሠራል። መጀመሪያ ይቀላለዱበት ነበር። በኋላ አንዱ ድምፅ ሲጨምር ሌላውም ይጨምር ጀመር...

አንድ ቀን የሆነ ዜና ተሰማ። ኢሳይያስ ንዴቱ መጣና «አገሪቷን እዚህ ያደረሳችኋት እናንተ ናችሁ» አለው።

ቦጋለ ሥራውን አቁሞ አየው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «እኛ» ሲሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው እኮ። እሱም አፉ ላይ የመጣለትን፣ እዚህ የማልጽፈውን ስድብ መለሰለት። በማግስቱ እቃውን ነቅሎ ታች ሰፈር ሌላ ቤት ተከራየ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ሽማግሌ ያልሞከረ እንዳይመስላችሁ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዱ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። የቦጋለ መልስ ግን አንድ ነበር።

«የጀመረው እሱ ነው። አንድ ቀን ደጄን ይርገጥ... እታረቀዋለሁ።»

ኢሳይያስ ኩላሊቱን ታሞ ተኛ ሲባልም ሰማ። ክፉኛ ደነገጠ። አንድ ቀን ብርቱካን ገዝቶ ወደ ኢሳይያስ ቤት እስከ ቁስቋም ዳገት ድረስ ወጥቶ ነበር... ከመንገድ ተመለሰ። ቢያስወጣኝስ ብሎ ፈራ። ኩራትም ነበረበት፣ አንደብቅለትም።

ከዚያ ኢሳይያስ አረፈ ተባለ።

ቀብሩ ላይ ቦጋለ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ አለቀሰ። አሁን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ የተገተረው አንድ ነገር ማወቅ ፈልጎ ነው። ኢሳይያስ ይቅር ብሎት ሄዶ እንደሆነ። ሌላው ግድ የለውም... ያስወጡት፣ ይስደቡት።

ጋሽ ወልዱ ተነስተው እጁን ይዘው አስገቡት።

የሟች ሚስት የሺሀረግ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ድምጿ በልቅሶ ተዘግቷል። ቦጋለ እግሯ ሥር ተደፍቶ አለቀሰ። ወጥቶለት ዝም እስኪል ድረስ ትከሻውን እየዳበሰች ጠበቀችው። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ቦጌ... ለምን ተራመድከው?»

«ምኑን?»

«ሳሩን።»

አልገባውም። እሷም ነገረችው...

በአባቶቻቸው ወግ መስቀል ከመግባቱ በፊት የተጣላ ይታረቃል። እርቅ የፈለገ ሰው እርጥብ ሳር ይዞ ይንበረከካል። ያንን ሳር የተራመደ ሰው «እርቅህን አልፈልግም» እንዳለ ይቆጠራል።

ባለፈው የመስቀል ዋዜማ ኢሳይያስ ሕመሙን ችሎ ከእንጦጦ ግርጌ ሳር አጨደ። ቁልቁለቱን በዝግታ ወርዶ ቦጋለ ደጅ ላይ ተንበረከከ። አንኳኳ። ከውስጥ ስልክ ይጮሃል... የቻናሉ ሰውዬ ያንባርቃል። ማንም አልሰማውም። ጉልበቱ ሲከዳው ሳሩን ደጃፉ ላይ አስቀመጠና ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።

ቦጋለ ወጣ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። ሳሩን ተራመደው። መለስ ብሎም በእግሩ ወደ ቦዩ ገፋው።

ኢሳይያስ ይህን አይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ቦጋለ አሁን ትዝ አለው...

የበዓል ዋዜማ ነበር። ሽሮ ሜዳ መንገዱ ሁሉ የሚሸጥ ሳር ነው። ቄጠማ ሻጭ የጣለችው መስሎት ነበር። ወጉን አጥቶት አይደለም፤ አባቱ ሳር ይዘው ሲንበረከኩ በልጅነቱ አይቷል። ኢሳይያስ ይመጣል ብሎ ግን ለአንድ ደቂቃ እንኳን አላሰበም።

ይህንኑ ነገራት። ማለላት፣ ተገዘተላት። የሺሀረግም አመነችው።

«ይቅር ሳይለኝ ነው የሞተው?» ሲል ጠየቃት።

ልትዋሽለት ትችል ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንድትዋሽለት ፈልጎ ነበር።

«ሳሬን ረገጠብኝ እያለ ነው የሞተው» አለችው። «እኔ ይቅር ብዬሃለሁ ቦጌ... የእሱን ግን ከየት ላምጣልህ?»

ወዳጆቼ...

እነዚያ ሁለት ቻናሎች ዛሬም እየጮሁ ነው። ለኢሳይያስ ለቅሶ ግን አንዳቸውም አልደረሱም። ኢሳይያስ የሚባል ሰው ስለመኖሩም አያውቁም።

አቋም አይኑራችሁ አላልኩም። ተከራከሩ፣ ተሟገቱ። ግን የስልካችሁን ድምፅ ቀንሱ፣ ደጃችሁን የሚያንኳኳ ሰው ሊኖር ይችላል። «እሱ ይምጣ» ያላችሁት ሰው መጥቶ ተመልሶም ይሆናል። ስለዚህ ሳይመሽባችሁ እናንተው ሂዱ።

ፓርቲና ብሔር የሚጠቅስ ኮመንት አጠፋለሁ፣ ታውቁኛላችሁ። ሌላውን ግን አንድ በአንድ አነባለሁ።

እስቲ ንገሩኝ... በፖለቲካ ተኳርፋችሁ «መጀመሪያ እሱ ይምጣ» ብላችሁ እስከዛሬ የምትጠብቁት ሰው ማን ነው?