አንድ ስንዝር ላባ

ሜሬያና አልባትሮስ የተባለችውን ትልቅ የባሕር ወፍ አንገቷን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ የእንስሳት ሐኪሙ ቲፔኔ የአሣ አጥማጆች መንጠቆ ከወፏ ጉሮሮ አወጣ። ወፏ ረጃጅም ክንፎቿን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋች ዝልፍልፍ አለች።

"አለቀላት" አለ ቲፔኔ ጓንቱን እያወለቀ። "እንግዲህ ተራው የእርስዎ ነው፣ እትዬ። ሦስት ዓመት ጠብቀዋል።"

ወፎቹን መግደል ክልክል ስለሆነ፣ የኦታኮ መንደር የላባ ካባ ሠሪዎች ላባ የሚደርሳቸው ከሞተች ወፍ ብቻ፣ ያውም በተራ ነው። ሜሬያና አባቷ ሲሞቱ አስከሬናቸው ላይ እንዲዘረጋ የምትሠራው ካባ አንድ ስንዝር ነጭ ላባ ጎድሎታል፤ ሽማግሌው ደግሞ እህል መቅመስ ካቆሙ አራተኛ ቀናቸው ነው። የወፏን ደረት በዐይኗ ለካችው። ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል።

በዚህ መሃል ከአውራ ጣቷ ሥር የሆነ ነገር ትር አለ። ቲፔኔ ጀርባውን ሰጥቶ እጁን ይታጠባል። ሜሬያና ጣቷን አላነሳችም፤ አላጠበቀችምም። ደግሞ ትር አለ።

"አንተ፣ ማን ታጠብ አለህ?" ብላ ጮኸችበት። "ልቧ እየመታ ነው! ና ወዲህ!"

ወፏ ዐይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያደረገችው የሜሬያናን ቀሚስ በሚከረፋ ዘይታማ ትውከት ማጥለቅለቅ ነበር።

"ይኸው፣ ለአባቴ የደረሳቸው ይሄ ነው" አለች ሜሬያና፣ የወፏን አንገት ሳትለቅ።