ባለቤት የጠፋለት ቤት

ሊጎር የፓርክ ጠባቂ ነው። የሚጠብቀው ኤሊ፣ እንቁራሪት፣ ውሃ የዋጠው የጥንት ቲያትርና አንድ የሮማውያን ግንብ ነው። ይህ ሁሉ በእጁ ሆኖ ሰውዬው ራሱ ቤት የለውም! የሚወዳት የማርየታ አባት ደግሞ እቅጩን ነግረውታል፦

"ቤት ሳይኖርህ ልጄን አታገባም። ከእንቁራሪቶቹ ጋር ልታሳድራት ነው?"

ስለዚህ ሊጎር ሹመት ፈለገ። ሹመት ደመወዝ ያመጣል፤ ደመወዝ ደግሞ ውሎ አድሮ ቤት ይሆናል።

ዕድሉም አልዘገየም። ከፓርኩ ሐይቅ ማዶ፣ ወይራዎቹ መሃል፣ ማንም ሳያይ ያለ ፈቃድ ቤት ተሠርቶ ተገኘ። ሁለት ክፍል ነው፤ መስኮቱ ወደ ባሕር ያያል፤ የሚቀረው ጣሪያው ብቻ ነው። የሰው ዓይን እንዳይበላውም ግድግዳው ላይ አሮጌ አሻንጉሊት ተሰቅሎበታል።

"ከቫንጄል ሌላ ማን ይደፍራል!" አለ ሊጎር። ቫንጄል ባለሆቴሉ ነው፤ ቢችል ባሕሩንም ያጥረው ነበር።

ሄዶ አፋጠጠው።

"እኔ? ሁለት ክፍል?" አለ ቫንጄል። "ምነው ሊጎር፣ ይህን ያህል ናቅከኝ?"

ሌባ መቼ አምኖ ያውቃል! ሊጎር ይብሱን እርግጠኛ ሆነ።

እራት ላይ፣ ከባቄላው ሾርባ ፊት፣ ለአባቱ አወራላቸው። አዛውንቱ ታናስ ከባሕር ዛጎል እየለቀሙ የሚያድሩ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ሁልጊዜ ቁስል ናቸው።

"ድሃ ቢሆንስ የሠራው?" አሉ። "መሬቱ ፓርክ ሳይሆን በፊት ባለቤት ነበረው እኮ።"

"አባባ ደግሞ! የትኛው ድሃ ነው ባሕር እያየ የሚተኛው?"

"እሱስ ልክ ነህ። ታዲያ ታፈርሱታላችሁ?"

"ጣሪያ ሳይለብስ ነዋ! ከለበሰማ ነገሩ ፍርድ ቤት ገብቶ ስንት ዓመት ሊጓተት ነው።"

ታናስ ሾርባቸውን ሳይጨርሱ ተኙ።

በማግስቱ ሊጎር ሲነሳ አባቱ ጀልባቸውን ይዘው ወደ ሳራንዳ ከተማ ሄደዋል። እሱም ዶዘር አስመጣ። ሾፌሩ አሻንጉሊቱ ካልወረደ ንክች አላደርግም ብሎ ገገመ፤ ሊጎር ራሱ ወጥቶ አወረደው። ከዚያ በኋላ ቤቱን መናድ ቀላል ነበር።

አለቃው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ "ሹመቱ ያንተ ነው" አለው።

ሊጎር እየሮጠ ወደ ወደቡ ወረደ። ማርየታን ከእንግዲህ ማን ይከለክለዋል! ምሥራቹን መጀመሪያ መስማት ያለባቸው አባቱ ናቸው።

ታናስ ጀልባቸውን እያስጠጉ ነበር። ፊታቸው እንዲህ ፈክቶ አያውቅም።

"ምን ቆመህ ታየኛለህ? ና አግዘኝ እንጂ፣ ሙሽራው!" አሉት።

ጀልባዋ እስከ አፏ ድረስ ቀይ የጣሪያ ሸክላ ጭናለች።