ሳሪስ አቦ ላይ ያማተበው እጅ

ሁንዴ እጁን ያየው በቀኝ በኩል ባለው ስፖኪዮ ነው። አይሱዙው ሳሪስ አቦ ጋ ሲደርስ ከጭነቱ ላይ አንድ እጅ ከብርድ ልብስ ውስጥ ብቅ አለ፤ ግንባርን፣ ደረትን፣ ግራና ቀኝ ትከሻን ነካ ነካ አድርጎ ተመልሶ ገባ።

ማለዳ ነበር፤ ቀኑም አምስት፣ አቦ። ነጠላ የለበሰ ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ በታክሲ የሚያልፈውም ሁሉ ያማትባል። ይህ ማንንም አይገርምም። ሁንዴን የገረመው ጭነቱ ላይ የተቀመጡት ሁለቱም ሰዎች ሙስሊሞች መሆናቸው ነው።

አንደኛው ሀይረዲን ነው፤ ወላጆቹ ከወሎ የመጡ፣ አቃቂ ተወልዶ ያደገ ሳቂታ። ሁለተኛውን ሙከሚል ይሉታል። ከአምስት ወር በፊት ሥራ ፍለጋ የመጣ ዝምተኛ ነው። ያስቀጠረው ሀይረዲን ነው፤ ከግቢው አንድ ክፍል ለቆ ያስጠጋውም እሱው። ሲያመው ሾርባ ያጠጣችው የሀይረዲን ሚስት ሰዓዳ ናት። ብርዱን ለመከላከል ሁለቱም አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ እስከ አናታቸው ተከናንበው ነበርና ሁንዴ የማን እጅ እንደሆነ መለየት አልቻለም።

ጭነቱ ከላይ ሽንኩርት ነው፤ ከሽንኩርቱ ሥር ካናቢስ። ባለፈው ሳምንት ሌላው መኪናቸው ተይዟል። ፖሊሶቹ ከላይ ያለውን ጆንያ ዞር ብለው እንኳ አላዩም፤ በቀጥታ የታችኛውን ጎተቱ። ያ መኪና በየት እንደሚገባ ከተያዘው ሾፌሩ በቀር የሚያውቁት ሁንዴና እነዚህ ሁለት ጫኞች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ሁንዴ ስልካቸውን ሰብስቦ ያዘ፤ ኬላውን ሸሽቶ በዙሪያ መጣና በሳሪስ በኩል ወደ አቃቂ ወረደ።

መጋዘኑ ሲደርሱ ሀይረዲን በግራ በኩል ወርዶ የብረቱን በር ከፈተ። ሙከሚል በቀኝ ወርዶ የሸራውን ገመድ ይፈታ ጀመር። ሁንዴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ትንሽ ቆየ። ዘበኛው በሩን ከውስጥ ሲቀረቅር ወረደና ሙከሚልን ወደ ጥግ ጠራው።

«አቦ ጋ ያማተበው ማነው?»

«የት?» አለ ሙከሚል።

«አትቀልድብኝ ወንድሜ። መሳለሙ አይደለም የከነከነኝ፤ እኔም የክርስቲያን ልጅ ነኝ። ስሙን ለውጦ ጭነቴ ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን ፖሊስ ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር ሲባል አልሰማህም?» ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ሽጉጡን አሳየው። «ካልነገርከኝ ሁለታችሁንም ነው።»

እሁድ ዋናው ሰውዬ ይመጣል። ሁንዴ ሙከሚልን ሊያስተዋውቀው ቃል ገብቶለታል። ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶታል፤ አምስት ወር ሙሉ ጆንያ የተሸከመውም ለዚያች ቀን ነው።

«ሀይረዲን ነው» አለ።

«አይተሃል?»

«በዓይኔ።»

ሀይረዲን ሲጠራ እየሳቀ መጣ። ጥያቄውን ሲሰማ ደግሞ የባሰ ሳቀ።

«እኔ? ወላሂ ሁንዴ፣ ዛሬስ ብርዱ አናትህ ላይ ወጥቷል!»

ከዚያ ሽጉጡን አየ። ከቁርኣን ፋቲሓን ልቅራልህ አለና ሳይፈቀድለት ቀራ። አንዲት ቃል እንኳ አልሳተም።

«ይሄንን ማንም ይሸመድደዋል» አለ ሁንዴ። በዚህስ አልተሳሳተም። «ማክሰኞ ሥራ ጥለህ የት ጠፋህ?»

«ኢሽራቅን ሐኪም ቤት ወስጄ ነዋ! ልጄ አተኩሷት። ሙኬ ያውቃል። ሙኬ፣ ንገረው እንጂ!»

ሙከሚል ያውቃል። ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት በሌሊት ወረፋ የያዘላቸው እሱ ነው፤ ሕፃኗን እስከ በሩ ያቀፋትም እሱ።

«እኔ አላውቅም» አለ፤ መሬት መሬቱን እያየ።

ሀይረዲን ከዚያ በኋላ አልሳቀም። አልለመነምም። ወደ መኪናው እስኪያስገቡት ድረስ ግራ በገባው ዓይን ሙከሚልን ብቻ ያየው ነበር። ሁንዴና ዘበኛው መሃላቸው አስቀምጠውት፣ የመጋዘኑን በር ሙከሚል ላይ ከውጭ ቆልፈው ወደ ወንዙ ነዱ። ሙከሚል ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። «አፈር ብላ» አለ ራሱን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱ ብቻ ተመለሱ። ሁንዴ ቧንቧው ጋ ጫማውን ሲያጥብ ቆየና ስልኩን መለሰለት።

«እሁድ እንዳትቀር» አለው።

ቤት ሲደርስ ሰዓዳ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ሀይሩስ? ስልኩ ዝግ ነው።»

«ለጭነት ወደ ደቡብ ተልኳል።»

«ሳይነግረኝ? እንዲህ አድርጎ አያውቅም» አለች። ትንሽ አሰበችና ፊቷን ፈታ አደረገች። «ይሁን፣ ሥራ ነው። አንተ ግባ፣ ምሳህ ተቀምጦልሃል።»

ኢሽራቅ ተሽሏታል። እንዲያነሳት ሁለት እጇን ዘረጋችለት። ሙከሚል እጁን ከኪሱ ማውጣት አቃተው። ሕፃኗ አልቅሳ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች፤ እሱም አላመመኝም፣ አልራበኝም፣ የምደርስበት አለኝ ብሎ ወጣ። የሰዓዳን ዓይን ሊያይ አልቻለም። ከእንግዲህም እንደማይችል ያውቀዋል።

ሚኒባስ ይዞ ቃሊቲ ወረደ። ሁለት ጊዜ ዞሮ ከኋላው ማንም እንደሌለ አየና ምንም ያልተጻፈበት በር አንኳኳ። ሁሉንም ሊናገር ቆርጦ ነበር፤ ገና አፉን ሳይከፍት ግን አንድ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ተነስተው ወንበር ሳቡለት።

«ኢንስፔክተር ተክሌ፣» አሉት ኮማንደሩ፣ «እስካሁን ማንም አልጠረጠረህም አይደል?»